ግ የጎደላት ደብዳቤ

በሦስት ነገር ቀልድ አላውቅም። መኪና ከሆነ ፔጆ አራት መቶ አራት፣ ልብስ ከሆነ ወገቡ ላይ ልክክ ያለ፣ መታሸት ከሆነ ደግሞ የላፍቶዋ ወጌሻ አዴ ገዲሴ። ሌላው ትርፍ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከታይፕ ጋር ስታገል ከርሜ ቅዳሜ ጣቶቼን በለጋ ቅቤ አንጓ በአንጓ ሲያሹልኝ እልል በይ እልል በይ ነው የሚለኝ።

ዘመኑ ሰባ አምስት ነው። እኔ ፀሐይወርቅ፣ ንፋስ ስልክ አካባቢ፣ ቀበሌዎችን በሚያስተዳድር በአንድ ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሊቀመንበራችን ጓድ መኩሪያ አንድ ቀን ተነሣና "ሠራተኛ ሁሉ ካኪ ይልበስ" ብሎ አወጀ። እሺ፣ ካኪ! ጨርቁን ይዤ ልብስ ሰፊው አብደላ ጋ በረርኩና ወገቡን አስጠብቤ፣ ከጉልበቴ ከፍ አድርጌ አሰፋሁት። ጓድ መኩሪያ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ያኔ አንገቱ ገና ደህና ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጨርቁ የአብዮቱ ነው ጓድ፤ ወገቡ ግን የእኔ ነው" አልኩት። ዛሬ ሳስበው ምን ነክቶኝ ነው?

የእሱ ፍቅር ደግሞ ላዳ ነው። ነጭ ላዳ ተሰጥቶት የወንበሩን ላስቲክ እንኳን ሳይልጥ ይነዳታል። ኧረ ላዳ እቴ! መሪዋ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ! በሦስት ወሯ አንገቱን ቀጥ አድርጋ አደረቀችው። ወደ ግራ የለ፣ ወደ ቀኝ የለ፣ ወደ ታች የለ። አንድ ቀን ወደ ኋላ ሲነዳ የጽሕፈት ቤቱን አጥር ገነደሰው። ሳቃችንን ውጠን ቆመን ስናየው "አብዮተኛ ወደ ኋላ አያይም!" ብሎን ገባ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጥቆማ መጣ። አዴ ገዲሴ ቤት ያለ ፈቃድ ሰው ይሰበሰባል፤ እያነከሰ የገባው እየሳቀ ይወጣል፤ ደጃፉ ላይ መኪና ይደረደራል። ጓድ መኩሪያ ጠረጴዛውን መታና "ጻፊ!" አለኝ። "የወይዘሮ ገዲሴ ሮበሌ ቤትና በውስጡ የሚገኘው ሁሉ በአስቸኳይ ይታሸግ።"

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያቺ ቤት ብቻ ናት ያለቻቸው። ከታሸገች ሜዳ ላይ ወደቁ ማለት ነው። ታይፑ ፊት ተቀመጥኩ። መጨረሻው ላይ "በአስቸኳይ ይታሽ" ብዬ አራት ነጥብ መታሁ። ግ የለችም። በዚያ ዘመን ፊደል መሳሳት፣ ስህተት ሳይሆን አሻጥር ነው የሚባለው።

ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አጎንብሶ እንዳያነብ አንገቱ አይታጠፍ! እጁን ይዤ ብዕሩን ቦታው ላይ አሳረፍኩለት፤ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ፈረመ። ማኅተሙን እኔው አሳረፍኩበት።

ደብዳቤውን ይዞ የሄደው አብዮት ጥበቃው ዲንሳ ነው። ዲንሳ ትእዛዝ ካየ አያቅማማም፤ እንደ ተጻፈው ይፈጽማል። እስከ ስድስት ሰዓት ሳይመለስ ሲቀር ጓድ መኩሪያ "ተነሺ፣ የንብረቱን ዝርዝር ትጽፊያለሽ" ብሎ ላዳው ላይ ጫነኝ። ላስቲኩ እግሬ ላይ እየተጣበቀ እኔ በሆዴ "እመብርሃን፣ የዛሬን ብቻ አውጪኝ፤ ላዳን ዳግመኛ አላማም" እያልኩ ነው።

ስንደርስ ከቤቱ ሳቅ ይሰማል። በሩን በርግዶ ገባ፤ ተከተልኩት። ዲንሳ ሸሚዙንና ጫማውን አውልቆ ቁርበት ላይ በሆዱ ተዘርግቷል። ጀርባው በቅቤ ያብለጨልጫል።

"አንተ! ይሄ ምንድን ነው?"

"ትእዛዝ እየፈጸምኩ ነው ጓድ!" አለ ዲንሳ እንደተኛ። "'ቤትና በውስጡ የሚገኘው ሁሉ ይታሽ' ይላል። ፊርማዎም አለበት።"

"ቤት እንዴት ነው የሚታሸው?"

"እሱንም ጀምረነዋል" አሉ አዴ ገዲሴ በሩን እያሳዩት። እውነትም መቃኑ በቅቤ ወዝቷል። "ግድግዳው ለነገ ይደር ብለን ነው።"

ሳቄም ፍርሃቴም እኩል መጡብኝ፤ ጉንጬን ነክሼ ቆምኩ። ጓድ መኩሪያ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ከፍ አድርጎ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ወደ እኔ ለመዞር አንገቱ እምቢ ስላለው መላ አካላቱን እንደ ቁም ሳጥን አዞረ።

"ፀሐይወርቅ!"

አዴ ገዲሴ ቀደሙት። "ልጄ፣ ይሄ አንገትህ እንዲህ ሆኖ ዝም ትላለህ? ደግሞ አንተም እኮ ውስጥ ነህ።"

"እውነታቸውን ነው ጓድ!" አለ ዲንሳ ብድግ ብሎ። "'በውስጡ የሚገኘው ሁሉ' ነው የሚለው!"

ምን ይበል? በበታቹ ፊት "ሳላነብ ፈረምኩ" ይበል? እንደ መርግ ቁርበቱ ላይ ተቀመጠ። አዴ ገዲሴ ማጅራቱን አሹት፣ አሹት፣ አሹትና አገጩን ያዝ አድርገው ቀጭ! ጩኸቱ ጎፋ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ። ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ ታች አየና "ጫማዬ!" አለ፣ ብዙ ጊዜ የተለየው ዘመድ ያገኘ ይመስል። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን፤ እሱም ሳቀ።

ስንመለስ ላዳዋን ዞር ብሎ እያየ ወደ ኋላ አወጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ሳቁ ጠፍቷል።

"ግ ወደቀች እንበል፤ ጣት ያዳልጣል። ሸ ግን እንዴት ሽ ሆነች?"

እውነቱን ነው፤ ግ የምትለዋን መርሳት ስህተት ነው፤ ሸን ሽ ማድረግ ግን ሌላ ቁልፍ ይፈልጋል። አስቤበት ነው ያደረግኩት። እሱም አወቀ።

ቢሮ ስንገባ "ለፋይል እንደገና ይተየባል" አለኝ። "ዛሬ ቆሜ አያለሁ።" በአዲሱ አንገቱ ትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ከመጀመሪያው ቃል በቃል አስጻፈኝ። "... በውስጡ የሚገኘው ሁሉ በአስቸኳይ..." አለና አቆመ። አለቀልኝ። የአዴ ገዲሴ በር ታሽጎ ታየኝ፤ እንባዬ ታይፑ ላይ ጠብ አለ።

"ይታሽ" አለኝ። "በሽ ጻፊው።"

አራት ነጥቡን በሁለት እጄ መታሁት።