ላይ አሥራ ሁለት፣ ታች አምስት

ጡረተኛው መምህር የመጀመሪያውን የእርማት ቅጂ ሲመልሱልኝ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቀይ ክብ ነበረበት። ከአንዱም ክብ አጠገብ ማብራሪያ አልተጻፈም። እያንዳንዱ ክብ አንድ ክፍልፋይ ከብቧል፤ ሌላ ምንም አልነኩም። ሁለት መቶ አሥራ አራት ስህተት ሠርቻለሁ ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ደውሎ መጠየቅ ለእኔ ከሥራው ስለሚከብድ፣ ሙሉ ቀን ተቀምጬ አንድ በአንድ ከእጅ ጽሑፋቸው ጋር አመሳከርኩ። ሁሉም ልክ ነው። እንደገና አመሳከርኩ። አሁንም ልክ ነው።

በማግስቱ መምህር ራሳቸው መጡ።

«አስተካከልሽው?» አሉኝ ገና ከበሩ።

«መምህር፣ ይቅርታ፣ ስህተቱን አላገኘሁትም።»

«የቱን ስህተት?»

«የከበቡትን።»

ወረቀቱን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። «ስህተት ነው ማን አለሽ? ቁጥሮቹማ ልክ ናቸው። የተጻፉበት መንገድ ነው ያልጣመኝ። ምነው፣ ብትደውዪልኝ ምን ነበረበት?»

ማዶ ካለው ጠረጴዛ የሚሠሩት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አራሚያችን፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ይቺ ልጅ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ይቅርታ ጠይቃ ነው እሳት የምትለው» አሉ።

የምንሠራው በአንድ ማተሚያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታች ማሽኑ ሲነሳ የጠረጴዛዬ እግር ይንቀጠቀጣል፤ እርሳስ ካስቀመጥኩ ተንከባልሎ ይወድቃል። በሒሳብ ተመርቄ የተቀጠርኩት መጻሕፍትን በኮምፒውተር ገጽ በገጽ እንዳዘጋጅ ነው። የመምህር መጽሐፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያስተምሩ በደብተር ያጠራቀሟቸው የክፍልፋይ መልመጃዎች ናቸው። ማሽኑ ላይ የተያዘለት ተራ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ያ ተራ ካለፈ የሚቀጥለው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ ትምህርት ተከፍቶ ልጆቹ ክፍልፋይን ጨርሰው ወደ ሌላ ምዕራፍ ይሻገራሉ። ኃላፊያችን ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ያስታውሱን ነበር። ሰዓታቸውን ሳያዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርሱ፣ በሌሉበት ጋሽ ሰዓት እንላቸዋለን።

መምህር ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ክፍልፋዮቹን ሁሉ ያስቀመጥኳቸው በእዝባር ነበር፤ አንድ ቁጥር፣ ያጋደለች ጭረት፣ ሌላ ቁጥር። ቦታ ይቆጥባል። እርሳቸው ወረቀቱ ጥግ ላይ 1/2+3 ብለው ጻፉ።

«የአሥር ዓመት ልጅ ነሽ እንበል። ሦስቱ ያለው ታች ነው ወይስ ጎን?»

«ጎን።»

«አንቺማ ተመርቀሻል። ልጁ ገና አልተመረቀም።» አግድም መስመር አሰመሩና ከላዩ አንድ፣ ከታቹ ሁለት አስቀመጡ። ሦስቱን ከመስመሩ ውጪ ጻፉት። «አሁንስ የሚያሳስት ነገር አለው? አስተማሪው መስመሩ ነው። እስከየት እንደሚደርስ ልጁ በዓይኑ ያየዋል። እኔ ሰሌዳ ላይ ከቁጥሩ በፊት መስመሩን ነበር የማሰምረው።»

የምንጠቀምበት ፕሮግራም ይህን አሳምሮ ይችላል። ላይ የሚሆነውንና ታች የሚሆነውን ለይተው ከነገሩት መስመሩን ራሱ ያሰምራል፤ ርዝመቱንም በቁጥሮቹ ልክ ያደርገዋል። ሁለት መቶ አሥራ አራቱን በእጅ መለወጥ ግን ሁለት ቀን ይፈጃል። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ። እዝባር ባየህበት ሁሉ ከግራው ያለውን ላይ፣ ከቀኙ ያለውን ታች አድርግ የሚል አንድ ትእዛዝ ጽፌ ለመላው መጽሐፍ ሰጠሁት። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ። ድብልቅ ቁጥሮቹ፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር ከክፍልፋይ ጋር የያዙት፣ ተራርቀው እንዳያስጠሉ ደግሞ በሌላ ትእዛዝ ክፍተታቸውን ዘጋሁት። የመጀመሪያዎቹን አሥር የመልመጃ ገጾች አየሁ። ግማሹም፣ ሦስት አራተኛውም፣ አምስት ስምንተኛውም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ደስ አለኝ። ቅጂውን አውጥቼ ለእትዬ ሰጠሁ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«ነይ እስቲ እዚህ» አሉኝ። «ይሄ ት ቤት ላይ ወጥቶ ምን ይሠራል? ጣሪያ ሊጠግን ነው?»

ገጽ ሦስት ላይ የመጽሐፉ መታሰቢያ «ለት/ቤቴ ተማሪዎች» ይል ነበር። አሁን ት ከመስመሩ በላይ፣ ቤቴ ከመስመሩ በታች ሆነዋል። ፕሮግራሙ እዝባር አይቷል፤ እንደታዘዘውም አድርጓል። በመልመጃዎቹ ውስጥ ጨርቅ የሚገዙት ወ/ሮዎች በሙሉ ወ ላይ፣ ሮ ታች ሆነው ተከፍለዋል። አንድ ቦታ «እና/ወይም» የሚል ነበር፤ እዚያ ላይ እ ውጪ ቀርታ ና ብቻዋን መስመሩ ላይ ወጥታለች። ይህቺ ውጪ የቀረች እ ልታነቃኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እየሳቅኩ ነበር።

ጋሽ ሰዓት ሳቁን ሰምተው ገቡ። ገጹን አይተው ሰዓታቸውን አዩና «ትን ለቤት ስናካፍል ስንት ይደርሳል?» አሉ።

«ተማሪው ይደርሳል» አሉ እትዬ። «ቀሪው ዘበኛው ነው።»

ቃላቱን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስኩ። መምህር የጨማመሯቸውን ሌሎች እርማቶችም አስገባሁ። ሰኞ ኃላፊው «ይታተም» ብለው ፈረሙ።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ወጥቶ እኔ ብቻዬን ቀርቼ ነበር። ሥራ አልነበረኝም፤ የተፈረመበትን ቅጂ ዝም ብዬ ለደስታዬ አገላብጥ ጀመር። ገጽ ሰባ አንድ ላይ «የሚከተሉትን ክፍልፋዮች ወደ ድብልቅ ቁጥር ለውጡ» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ከሁለት አምስተኛ ነው። ቆም አልኩ። ይሄ ቀድሞውኑ ድብልቅ ቁጥር ነው። ሁለተኛውም ድብልቅ ነው። አሥሩም ድብልቅ ናቸው። ልጆቹ የተለወጠውን እንዲለውጡ ነው የታዘዙት።

እኔ ዘንድ የቀረውን አንዱን የመምህር ደብተር ከፈትኩ። አሥራ ሁለት አምስተኛ ይላል።

ያኔ ገባኝ። ትእዛዜ ከእዝባሩ ግራ የሚያነሳው አንድ ምልክት ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ አሥር የመልመጃ ገጾች ከመስመሩ በላይ የሚቀመጠው ቁጥር ሁሉ ባለ አንድ አሃዝ ስለሆነ አላስታወቀም። ከአሥራ ሁለት ግን ሁለትን ብቻ አንስቶ አምስት ላይ አስቀመጠ፤ አንድን ውጪ ተዋት። አሥራ ሁለት አምስተኛ የነበረው አንድ ከሁለት አምስተኛ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ያውም አምሮበት። የ«ት» እና የ«ቤት» ጥፋት ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል። ይሄኛውን አይቶ የሚጠረጥር የለም። ልጁ ብቻ ሠርቶ ሠርቶ፣ መልሱ መጨረሻ ገጽ ላይ ካለው አልገጥም ሲለው፣ እኔ ሰነፍ ነኝ ይላል።

ስንት ቦታ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ፕሮግራሙም ሊነግረኝ አይችልም፤ እውነተኛውን ድብልቅ ቁጥር እኔ ካበላሸሁት የሚለየው ክፍተት ነበር፤ ክፍተቱን ደግሞ በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ።

እትዬ ከምሳ ሲመለሱ ገጹን አሳየኋቸው። ይህን ጊዜ አልሳቁም። ደብተሩን አዩ፣ ቅጂውን አዩ፣ «እኔም አላየሁትም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ «ሂጂ ለኃላፊው ንገሪያቸው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ቢነግሩልኝስ?»

«አልነግርልሽም፣ የኔ ልጅ። በሩ ላይ ግን እቆምልሻለሁ።»

እንዳሉትም በሩ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ልክ አይደለም» አልኩ።

«ፈርሜበት የለም እንዴ?»

«ከፈረሙ በኋላ ነው ያየሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ገጹን አስረዳኋቸው። ስጨርስ ሰዓታቸውን አላዩም፤ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ሌላ ማን አየ?»

«ማንም። አሁን እትዬ።»

ቅጂውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ቀጥሎ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰባት ተኩል ነበር። «ፋይሉ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ታች ካልደረሰ ማሽኑ ገጹን የሚያትምበት ፕሌት አይሠራም። ፕሌት ከሌለ ተራው የሌላ ሰው ነው። መምህርን ደብተራቸውን ሁሉ ይዘው እንዲመጡ ጥሪያቸው። አንቺው ደውዪ።»

ደወልኩ። ነገሩን ትንፋሽ ሳልወስድ ተናገርኩት። «መጣሁ» ብለው ዘጉት።

ስምንት ሰዓት ላይ ደብተሮቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ደረሱ። ደረጃውን በፍጥነት ስለወጡ ያለከልካሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት!» አሉኝ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የለቀምኩትን በአንድ ትእዛዝ! ምናለ አንድ አንዱን በእጅሽ ብትሠሪው?» ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«መምህር፣ ይቆጡ፤ መብትዎ ነው» አሉ እትዬ። «ግን ተቀምጠው ይቆጡ። አራት ሰዓት ብቻ ነው ያለን።»

ተቀመጡ። መነጽራቸውን ጠረጉ፤ የመጀመሪያውን ደብተር ገለጡ። «አንብቢ» አሉኝ።

እንዲህ ነበር የሠራነው። እኔ ከስክሪኑ እያንዳንዱን ክፍልፋይ እንዳለ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ መምህር በደብተራቸው ይከተላሉ፤ እትዬ ገጹንና መስመሩን ይመዘግባሉ። ሦስት አራተኛ አይባልም፤ ላይ ሦስት፣ ታች አራት ይባላል። ውጪ የቀረ ቁጥር ካለ እሱ ይቀድማል።

«ውጪ አንድ፣ ላይ ሁለት፣ ታች አምስት።»

«የለም! ላይ አሥራ ሁለት፣ ታች አምስት። ውጪ ባዶ። ደግሞ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፤ ጆሮዬም እንደኔ ጡረታ ወጥቷል።»

ከፍ አደረግኩ። ለክፍል ሙሉ ተማሪ የማነብ ያህል ነበር የምጮኸው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ታች ማሽኑ ሲነሳ ከማሽኑ በላይ እጮሃለሁ፤ መምህር ከእኔ በላይ ይመልሱልኛል።

«ባለቤቴ ሃያ ዓመት ሲያወራኝ እንዲህ አዳምጬው አላውቅም» አሉ እትዬ እየጻፉ።

ጋሽ ሰዓት በየመሃሉ በሩን ከፈት ያደርጋሉ። ስንት ገጽ ቀረ ይላሉ ብዬ እጠብቃለሁ፤ እርሳቸው ግን ውሃ ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ይመለሳሉ። ሦስተኛው ላይ ሳይጠይቁ ውሃውን ይዘው መጡ።

ገጽ ዘጠና ስድስት ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ስክሪኑና ደብተሩ አንድ ናቸው፤ ችግሩ እሱ ነበር። ሦስት ስምንተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ፣ መልሱ ላይ አራት፣ ታች አሥራ ሁለት ተብሏል።

«ምነው ቆምሽ?»

«መምህር... ይሄ የእኔ አይመስለኝም።»

ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረዋል። ተማሪዎቻቸው እንዳይሠሩት ሠላሳ አንድ ዓመት የለመኑት ስህተት ነው። ጆሯቸው ቀላ።

«አምስት ስምንተኛ» አሉ በዝግታ። «ጻፊው። ይሄን ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ።» ይህን እዚህ የምጽፈው በኋላ ስለፈቀዱልኝ ነው። ከዚያ ገጽ ወዲህ አልተቆጡኝም፤ «የለም!» ማለታቸውን ትተው «የለም፣ ልጄ» ይሉኝ ጀመር።

የተበላሹት ስልሳ አንድ ሆኑ። አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ የመጨረሻውን በእጄ አስተካከልኩ፤ ሦስታችንም ገጹን ተራ በተራ አየነው፤ ፋይሉን ወደ ታች ላክሁት። እትዬ ቦርሳቸውን አንስተው ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ወጡ። ጋሽ ሰዓት ከኮሪደሩ «ሃያ ደቂቃ ተርፎናል» አሉ፤ ከእርሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።

እናቴ ሰው ሲረዳሽ ዓይኑን እያየሽ አመስግኚ ትለኛለች። እኔ እስከዚያ ቀን ሰዎችን ያመሰገንኩት ጫማቸውን እያየሁ ነው። ኃላፊው ሊያባርሩኝ ይችሉ ነበር፤ እትዬ በሩ ላይ መቆማቸው ግዴታቸው አልነበረም፤ መምህርም ደብተራቸውን ይዘው ሌላ ማተሚያ ቤት ቢሄዱ የሚፈርድባቸው አልነበረም። ሦስቱም ከአጠገቤ ሳይርቁ አብረውኝ ጨረሱት። የዚያን ቀን ያህል የከበረ ነገር የሰጠኝ ሰው ብዙ አላስታውስም።

መምህርን ፌስታላቸውን ይዤ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘኋቸው። በመንገድ ላይ ቃሉን አምስት ጊዜ በሆዴ ተለማመድኩት። አውቶቡሱ ሲመጣ ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁና «መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ» አልኩ።

«ገና ምኑን አይተሽ?» አሉኝ ፌስታሉን እየተቀበሉኝ። «የአስርዮሽ ደብተር አለኝ፤ ከዚህ የወፈረ። ሌላ ሰው አያዘጋጅልኝም።»

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጽሐፉ ማሽን ገባ። ሦስት ሰዓት ላይ መምህር የአስርዮሹን ደብተር ይዘው መጡ።