ሸራ የሌለው ጀልባ

ባሌ ሃልቮር ጀልባ ሲመርጥ ለልጁ ሚስት የሚያጭ ሰው ይመስላል፤ ዓይኑ አይሞላም። አናኮርተስ ወደብ ላይ ሰባት ጀልባ አይተን ሰባቱንም ጥሎ ወጥቷል። አንዱን “ማቀዝቀዣ አጋድመው መስኮት ያወጡለት” አለው። ሌላውን ሳይሳፈርበት ከዳር ሆኖ አየውና ወደ መኪናው ተመለሰ።

የሸራ ጀልባችንን የሸጥነው በእኔ ምክንያት ነው። የዳሌዬ አጥንት ከተቀየረ ወዲህ ቀጥ ያለውን መሰላል መውጣትና መውረድ አቃተኝ። ስለዚህ ትሮለር ይሁን አልኩ፤ በሞተር ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ደረጃው የቤት ደረጃ የሚመስል፣ መሪው ከዝናብ የተጠለለ ጀልባ። ለሃልቮርም እቅጩን ነገርኩት። በረዶ ሳይጥል ካልገዛን ስፖኬን፣ ልጃችን አጠገብ ቤት እንይዛለን፤ ባሕርም በዚሁ ያበቃል። ስፖኬን ባሕር የለም። ይህን ስለው እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል።

ስምንተኛው ጥሩ ነበር። ደረጃውን እጄን ሳልደገፍ ወረድኩት፤ ከደስታዬ ብዛት ተመልሼ ወጥቼ እንደገና ወረድኩት። ፔቲግሩ የሚባለው ደላላ ጥርሱ አይከደንም። “ሳይነዱት አይገዛም፤ እስቲ ይሞክሩት” ብሎ መሪውን ለሃልቮር ለቀቀለት።

ሃልቮር ከወደቡ ቀስ አድርጎ አወጣው።

“እንዴት አገኙት?” አለ ፔቲግሩ።

“ይሄዳል።”

“ደስ የሚል አካሄድ አለው እኮ።”

“ትራክተርም ይሄዳል” አለ ሃልቮር።

“እሱን ተወው፣ አመሉ ነው” አልኩት ለደላላው። “እኔንም ሲያገባኝ ደህና ነች ብቻ ነው ያለው።”

ማዕበል የሚመልሰውን የድንጋይ ግንብ እንዳለፍን ሃልቮር እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋው።

የሸራ ሰው ሁሉ ይህን ያደርጋል። ሞተር ከወደብ ለመውጫ ብቻ ነው። ግንቡ ሲታለፍ ይጠፋል፣ ሸራው ነፋስ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ሸራ የወደድነው ለዚያች ጸጥታ ስንል ነው። ሃልቮር ሞተሩን አጥፍቶ ሸራውን ለማየት ቀና አለ። ከራሱ በላይ የነበረው ነጭ ጣሪያ ነው።

የሚገፋው ያጣ ጀልባ ጎኑን ለማዕበሉ ሰጥቶ ይዋልል ጀመር። ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ ሳህኖች ወለሉ ላይ ተሰባበሩ። ፔቲግሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨበጠ።

“ምነው? ተበላሸ እንዴ?”

“አልተበላሸም” አለ ሃልቮር።

ሳቄ መጥቶ ነበር። ፊቱን ሳይ ግን ጠፋ፤ አሁንም ጣሪያውን ያያል።

“አስነሳው እንጂ፣ ሃልቮር።”

“እንከን አይወጣለትም፣ ኖርማ። ሰባቱም ሸራ ከማጣታቸው በቀር እንከን አልነበራቸውም።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ምን ዝም አሰኘሽ?”

“አንተ እስክትለው ነው የጠበቅኩት።”

መሪውን ለቀቀ። “እንውሰደው። ንጂው አንቺ። እኔ እንደ መንገደኛ እመጣለሁ።”

ሞተሩን አስነሳሁና የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዞርኩት። ጀልባው ወዲያው ረጋ። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ። ፔቲግሩ ጎንበስ ብሎ የሳህን ስባሪ ይለቅም ጀመር።

ሃልቮር መጥቶ ከጎኔ ቆመ። እጆቹ የሚይዙት አጥተው ኪሱ ገቡ፣ ወጡ።

“ምን ልሥራ?” አለኝ።

አርባ አንድ ዓመት ይህን የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። እሱ መሪ ይይዛል፣ እኔ እጠይቃለሁ፤ ሁልጊዜም የምጎትተው ገመድ አያጣልኝም ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። አንድ የሚታሰር፣ አንድ የሚፈታ ነገር ባገኝለት ብዬ ፈለግኩ።

“ምንም” አልኩት። “ተቀመጥ።”

ተቀመጠ።