ፓስታው እስኪደርስ

በያጁ ሚስቱን «ምሳ ልጋብዝሽ» ያላት ሻንጣዋን በሩ ላይ ካቆመች በኋላ ነው። አይ ሰው! አሥራ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን ውጭ እንብላ ብሎ የማያውቅ ሰውዬ፣ አውቶቡስ ሊነሳ ሰዓት ሲቀረው የጣሊያን ምግብ አማረው። እሷም እምቢ አላለችም። ሻንጣዋን ራሷ አንጠልጥላ ተከተለችው።

ደንበኞቹ «ቆይ» የሚል ስም አውጥተውለታል። በር የሚያሠራውም መስኮት የሚያሠራውም ሲመጣ መልሱ ያቺው ናት፤ «ቆይ፣ ትንሽ ቆይ።» ለእጁ ሥራ እንከን አይወጣለትም፤ ችግሩ ምላሱ ላይ ነው። የስድስት ዓመት ልጃቸው ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ከቀብር መልስ ወርክሾፑ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ ስሟን አንዴም አላነሳም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ዝምታ ግን ነቅዞ ቤቱን ሁሉ አዳርሶታል። ሚስትየው ብቻዋን አለቀሰች፣ የልጅቷን ልብስ ብቻዋን አጥባ አጣጠፈች። አሁን ሌላ ከተማ፣ ታናሽ እህቷ ዘንድ፣ የልብስ ስፌት ሥራ አግኝታለች። አውቶቡሱ በቀን አንድ ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል።

በያጁ መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያጠና ነው የሄደው። «አትሂጂ፤ እኔም አልቻልኩም።» በቃ፣ ይቺው ናት። ከምሳው በፊት ሊላት ለራሱ ምሎ ተገዝቷል።

ምግብ ቤቱ ሰባት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። በሁሉም ላይ ቀይና ነጭ ዳማ የላስቲክ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ላይ ቀለሙ የተላጠ የጀልባ ሥዕል አለ፣ የነጭ ሽንኩርቱና የቲማቲሙ ሽታ ገና ከበሩ ይቀበላል። መስኮቱ ፊት ለፊት አውቶቡሱ ቆሟል። አስተናጋጁ ወሬ አያድርበትም፤ ሬዲዮ ይሉታል።

«ምን ልታዘዝ?»

«ፓስታ በቲማቲም» አለች እሷ።

«ለእኔም እንደሷ» አለ በያጁ።

ሬዲዮ ዳቦ አስቀምጦ ሄደ። ሚስትየው ሹካውን እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ትዝ ይልሃል? ፓስታውን አንድ አንዱን እየሳበች፣ አፍንጫዋ ድረስ በቲማቲም ተጨማልቃ» አለች።

ማንን ማለቷ እንደሆነ ለሁለቱም ግልጽ ነው። በሩን ከፈተችለት ማለት ነው፤ መግባት ብቻ ነበር የቀረው። እሱ ግን «እጄን ልታጠብ» ብሎ ብድግ አለና ቀጥ ብሎ ወጥ ቤት ገባ።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለው ምግብ አብሳዩን። «ምግባችንን አዘግይልኝ። ስምንት ሰዓት እስኪያልፍ።»

«ምነው፣ ምን ሆነሃል?»

«ሚስቴ ልትሄድብኝ ነው። አውቶቡሱ ካመለጣት ዛሬ ቤት ታድራለች፣ እነግራታለሁ።»

ሰውዬው አዘነለት። ግን ምድጃው ላይ የተጣደውን ትልቅ ድስት አሳየው። «ያለኝ ድስት እንደሆነ ይሄው አንድ ነው። እጀታውን የበየድክልኝ ራስህ ነህ። የሰው ሁሉ ፓስታ አንድ ላይ ነው የሚገባው፤ የአንተን ካዘገየሁ የሁሉም ይዘገያል።»

«ይዘግይ! በናትህ!»

ምግብ አብሳዩ እሳቱን ቀነሰው፤ ሬዲዮም በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል።

በያጁ ተመልሶ ተቀመጠ። ወደ መስኮቱ ዞር ሳይል፣ ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለውን ሰዓት በዓይኑ ይገፋ ጀመር። አፉን በከፈተ ቁጥር «ቆይ፣ መጀመሪያ ሰዓቱ ይለፍ» እያለ ይዘጋዋል። ከየጠረጴዛው ጉርምርምታ ተነሳ። ሬዲዮ ዳቦ በዳቦ ላይ እያመጣ «እየደረሰ ነው፣ ደርሷል» ይላል። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ከአምስት። ስምንት ከአሥር። በያጁ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ውይ!» አለ፣ ባልተካነበት ማስመሰል። «ሰዓቱ አለፈ እኮ! አውቶቡሱ አመለጠሽ።»

«አላመለጠኝም።» በአገጯ ወደ ጥጉ ጠቆመችው። ናፕኪን አንገቱ ሥር የሸጎጠ ወፍራም ሰውዬ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዳቦ ያኝካል። «ሾፌሩ እሱ ነው። እዚህ ምሳውን ሳይበላ ተነስቶ አያውቅም። አገር ያወቀው ነው፣ አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው።»

ከየት ይስማ? ሁለት ዓመት ሙሉ ከብየዳ መነጽሩ ጀርባ ተደብቆ! ፊቱ አመድ መሰለ።

ይሄኔ ሾፌሩ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ኧረ በእናንተ አምላክ! ተሳፋሪ ፀሐይ ላይ አስጥቼ በዳቦ ልሙት እንዴ?»

ሬዲዮ መቼም ሬዲዮ ነው። «እኔን አይቆጡኝ ጌታዬ! ሚስቴ ልትሄድብኝ ነው፣ አዘግዩልኝ ብለው ምግብ አብሳዩን የለመኑት እሳቸው ናቸው!» ብሎ በጣቱ ጠቆመ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለ በሆዱ። ሚስትየው ግን አልተቆጣችም።

«ለእሱ ነገርከው?» አለችው። «ሚስቴ ልትሄድብኝ ነው ብለህ ለምግብ አብሳይ ነገርከው?»

አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያው ለእኔም ንገረኝ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ንገረኝ። ሾፌሩ በልቶ እስኪጨርስ ጊዜ አለህ።»

ፓስታው ለሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። ሾፌሩ ርቦት ስለነበር አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል፤ በያጁ የሰውዬውን ሳህን ያያል። ግማሽ ሆነ። ሩብ ሆነ። ያጠናት ንግግር ግን አልወጣ አለችው። ራሱን በጥፊ ቢመታ በወደደ። ሾፌሩ አፉን ጠርጎ ቁልፉን አነሳ።

«ብዪ እንጂ» አለ በያጁ በመጨረሻ፣ ላብ እያጠመቀው። «ይቀዘቅዝብሻል።»

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው እንባዋ ተከተለ። «እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀዘቀዘ ነው የበላሁት» አለችው። የእሳት ጠባሳ የሞላበትን እጁን ለአፍታ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ ሾፌሩን ተከትላ ወጣች።

እሱ ከወንበሩ አልተነሳም። በመስኮቱ ስትሳፈር አያት። መስኮት ዳር ተቀመጠች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም። ጡሩምባው ጮኸ፣ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

«አትሂጂ!» አለ ያን ጊዜ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። «እኔም አልቻልኩም! ልጄ ናፈቀችኝ!» የልጅቷንም ስም ጠራ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ባዶውን ወንበር እያየ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ሰዎቹ ወደየሳህናቸው አቀረቀሩ።

ሬዲዮ ባጠፋው ጥፋት አፍሮ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ወሬ ጠፍቶበት፣ ቀስ ብሎ መጣ። የእሷን ያልተነካ ሳህን ሊያነሳ እጁን ሰደደ።

«ጋሼ፣ ላንሳው?»

በያጁ ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘው።

«ቆይ» አለው። «ትንሽ ቆይ።»