የተቀጠፉት ቀንበጦች

ኤዶም ጊዮርጊስ ጋ ከታክሲ ስትወርድ ስልኳ ጮኸ። የ«ጣሳ»ን አራተኛ እትም ለማተሚያ ቤት ልታስረክብ እየሮጠች ነበር። «ጣሳ» በጠባብ በረንዳ ላይ ትንንሽ ቲማቲም ስለማብቀል ብቻ የምትጽፍ መጽሔት ናት፤ መቶ ሃያ አንባቢ አላት፤ አዘጋጇም አከፋፋይዋም ኤዶም ናት።

«ልጄ፣ ደብሪቱ ነኝ፣ የውቤ በረሃዋ። ነይና ያስደረግሽኝን እይ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ የመጀመሪያ ደንበኛዋ ናቸው፤ እንቢ አይባሉም። የእንጨት በረንዳቸው ላይ ስድስት የሳልሳ ጣሳ ተደርድሯል። በየጣሳው አንድ አጭር የቲማቲም ተክል ቆሟል፤ እንደ ሸንበቆ ባዶውን። ፍሬ የለም።

«መጽሔትሽ በቅጠሉና በግንዱ መሃል የሚወጣውን ቀንበጥ ቅጠፉ አለ። ቀጠፍኩ። ታዲያ ፍሬው የት አለ?»

ኤዶም ክው አለች። ቀንበጥ የሚቀጠፈው ሽቅብ ለሚመዘዘው ዝርያ ነው፤ አጭሩ ግን የሚያፈራው በዚያው ቀንበጥ ላይ ነው። ጽሑፉን ከኢንተርኔት ለቃቅማ የጻፈችው ማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። መቶ ሃያ ሰው አስቀጥፋለች።

«አፈሩ ይሆናል» ልትል ቃጣት። ብትል ማን ያውቅባታል?

«የኔ ጥፋት ነው፣ እትዬ ደብሪቱ» አለች። «አጭሩን አብቅዬው አላውቅም።»

«ሳታውቂው ጻፍሽው?»

«ቸኩዬ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ!» ሴትዮዋ ገብተው ከድሮ ጠጅ ቤታቸው የተረፉ ብርሌዎች ይዘው ወጡ። በየብርሌው ውሃ፣ በየውሃው የተቀጠፈ ቀንበጥ። ነጫጭ ሥር በመስታወቱ ውስጥ ይታያል። «ሕይወት ያለው ነገር መጣል አይሆንልኝም። ይኸው ሥር ሰደደ። ይሄንን መጽሔትሽ አላለም።»

ኤዶም ፎቶ አነሳች።

ማተሚያ ቤት ኑሪ እየጠበቃት ነበር። አብሮ አደጓ ነው፤ ገጾቹን የሚያሰናዳላትም እሱ ነው።

«ሽፋኑን አውጣው» አለችው። «ብርሌው ይግባ። ከላይ በትልቁ፦ "ተሳስተናል፤ አጭሩን ቲማቲም አትቅጠፉ። የቀጠፋችሁትን ውሃ ውስጥ አኑሩት።"»

«እብድ ነሽ እንዴ? ማረሚያ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው የሚገባው። እሱንም ማንም አያነበው።»

«ለዚህ እኮ ነው ሽፋን ላይ ያልኩህ።»

«አንባቢ ይሸሽሻል።»

«ይሽሽ። ከሸሸም አውቆ ይሽሽ።»

ኑሪ ፎቶውን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እዚያም አንድ ጣሳ ውስጥ ራቁቱን የቀረ ግንድ ቆሟል።

«እኔም ቀጥፌው ነበር» አላት ቀስ ብሎ። «አፈሩ ነው ብዬ ሁለቴ ቀየርኩት።»

ከዚያ ፊደሉን ይበልጥ አተለቀው።