የባንኩ ካዝና ክፍል

ሎሚ ውሃ ቀጂ ሆና በገባችበት በመጀመሪያው ቀን የባሏን ገዳይ አገኘችው። ዘመኑ 1919 ዓ.ም. ነው፤ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ የባንክ ሕንፃ እየተሠራ ነበር። ገዳዩ ደገፋ በሩ ሥር ተቀምጦ የዓምድ ድንጋይ ይጠርባል። በቡልቡላ አገር ሳሉ ጎረቤቷ ነበር፤ በከብት ማጠጫ ጠብ ባሏን ጉተማን በጦር ወግቶ ጠፋ።

አያት፤ ደነገጠ።

"ሎሚ! ቀድሞ ዱላ ያነሳ ጉተማ ነው።"

"ጀርባውን ሰጥቶህ ሳለ?"

መዶሻውን አንስታ ቀኝ እጁን ድንጋዩ ላይ ጨፈለቀችው። በግራው ሹሩባዋን ጨምድዶ ፊቷን ከዓምዱ አጋጨው። ዘበኛው ኑሬ በሰደፍ እየደበደበ አላቀቃቸው።

እሷ በደም፣ እሱ በእጁ ተካሰሱ። ከሳሽና ተከሳሽ በሚቆራኙበት በዘመኑ ሥርዓት የሷ ቀኝ እጅ ከሱ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት ተቆራኘ። ዳኛው ከምሳ በኋላ እስኪያስችሉ፣ የብረት በር ያለው የባንኩ ካዝና ክፍል ብቻ ስለነበር እዚያ ተዘጋባቸው። መስኮት የለውም፤ ግንቡ ክንድ ተኩል ይወፍራል፤ ጣሪያው ሳይቀር የድንጋይ ቅስት ነው።

"ብትጮኺም አይሰማም" አላት በጨለማው። "የገነባሁት እኔ ነኝ።"

ሰንሰለቱን አንገቷ ላይ ጠምጥሞ በጉልበቱ ተጫናት። ትንፋሿ ሊያልቅ ሲል የተጨፈለቀ እጁን በዳበሳ አግኝታ ነከሰችው። ጮኾ ላላ። ተገልብጣ ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ አዞረችና ጀርባውን ረግጣ ሳበች።

"ማሎ ሎሚ! ማሎ!" ብሎ በኦሮምኛ ለመናት።

"ጉተማስ ማሎ ለማለት ጊዜ ሰጠኸው?"

እግሩ መንፈራገጡን እስኪተው ሳበች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም። በሩን ደበደበች፤ የሰማት የለም።

ኑሬ ሲከፍት ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

"ገደልኩት። ፍቱኝ" አለችው።

የሰንሰለቱ ቁልፍ ዳኛው ዘንድ ነው። ሁለት ሠራተኞች ደገፋን በጭቃ መሸከሚያው ቃሬዛ አነሱት፤ እሷ ከጎኑ ጎንበስ ብላ እየተጎተተች እስከ ችሎት ሄደች። የሟች ወንድም ገርባ ከገበያ ተጠርቶ መጣ። ሬሳውን ገልጦ አየ፤ ያበጠ ፊቷንም አየ።

"እርስዎ ይፍረዱ" አለ ለዳኛው። "እኛ ግን ወንድሜ ያፈሰሰውን ደም እናውቃለን። ደም በደም ሄዷል፤ ከእንግዲህ አንፈላለግም።"

ዳኛው ባለ ደሙ ከተወ ትፈታ አሉ። ሰንሰለቱ ሲወልቅ የደገፋ እጅ ከቃሬዛው ተንሸራቶ ተንጠለጠለ። ሎሚ አንስታ ደረቱ ላይ አኖረችለትና ወጣች።