ዘነዘናው ሲቆም

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስሙ ረጅም ነው፤ እኛ ዘነዘና ነው የምንለው። ከበሽተኛው ጀርባ ሥር ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይገባል፣ ከላይ ቅስት የመሰለ ነገር ይታሰራል፣ ከቅስቱ መሀል ደግሞ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ብረት ወርዶ ደረት ላይ ያርፋል። አዝራሩን ስትጫኑት መውቀጥ ይጀምራል። ሰው በእጁ ደረት ሲጫን ያልበዋል፣ ወገቡን ያመዋል፣ «ተካኝ» ይላል። ዘነዘና ባትሪው እስካለ ድረስ አይደክመውም፣ አያዝንምም። አንዲት አዲስ ነርስ «ቶሎ ዘነዘናውን አምጪ» ስትባል ወደ ሆስፒታሉ ኩሽና ሮጣ ሄዳ፣ ባዶ እጇን ተመልሳ «የላቸውም» ብላናለች። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚያስቅ ነገር ስለማይበዛ እስከ ዛሬ እየደጋገምን እንስቅባታለን።

አንድ ነገር ግን አያስቅም። ዘነዘናው አንዳንዴ ሥራውን ከልክ በላይ ይሠራል። ልብ ጸጥ ብላ ሳለ ደሙን እየገፋ ጭንቅላት ያደርስና ሰውየው ዓይኑን ይገልጣል። ሰው ያውቃል፣ እጅ ይጨብጣል። ማሽኑን ስታጠፉት ግን ዓይኑም አብሮ ይጠፋል። ባለፈው ዓመት አንዱ እንዲህ ሲነቃ ሚስቱን አስገባናት። ደስታዋ ለጉድ ነበር። ልቡ አልነሳም ብሎ ዶክተሩ ማሽኑን ሲያጠፋው «እጄ ላይ ገደላችሁት!» ብላ ጮኸች። አሁንም በበራችን ባለፈች ቁጥር ዘበኛውን «ነፍሰ ገዳዮቹ ደህና ናቸው?» ብላ ትጠይቀዋለች። ከዚያ ወዲህ በዘነዘና የነቃ ሰው ዘንድ ቤተሰብ ዝም ብሎ አይገባም፤ መጀመሪያ እንመካከራለን።

እኔ ነርስ ነኝ። ቁመቴን አይተው ምሰሶ ይሉኛል። አለቃችን ሲስተርን ደግሞ ከጀርባዋ በረዶ ይሏታል። ደም ቢረጭ፣ ሰው ቢጮህ፣ ዶክተር ቢደነግጥ፣ እሷ ጓንቷን በሥርዓት ሳታጠልቅ አትንቀሳቀስም። ብዙ ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፤ ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም፣ ማንበቡንም ትቼዋለሁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አምቡላንሱ ያመጣው ሰው ታናሽ ወንድሟ ነበር። አናጢ ነው። እንጨት ሲልግ ድንገት ወድቆ፣ አብረውት የሚሠሩት ልጆች ደረቱን እየተጫኑ ነው አምቡላንስ የጠበቁለት። ፀጉሩ ውስጥ ፍቅፋቂ ነበር። ሲስተር አየችው።

«ሰሌዳውን አስገቡ» አለች።

«ሲስተር፣ አንቺ ውጪ» አላት ዶክተሩ።

«ማን ሊያስርልህ?»

«ምሰሶ አለ አይደል?»

«ምሰሶ ጭምብሉን ይያዝ» አለችና ዘነዘናውን ራሷ አሰረችው። እኔም የኦክስጅን ጭምብሉን የወንድሟ አፍ ላይ ገጥሜ ያዝኩ፤ ምንም አልተሰማኝም። ይሄ ሥራ ያደነዝዛል። መደንዘዜን ሳውቅ እንኳ አልደነገጥኩም።

በኤሌክትሪክ መታነው፣ መድኃኒት ሰጠነው፣ ደግመን መታነው። ዘነዘናው እየወቀጠው በአሳንሰር ወደ ልብ ክፍል አወጣነው። የልብ ሐኪሟ በክንዱ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብታ የተዘጋውን የደም ሥር ከፈተችለት። ደሙ ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ አየን። ልቡ ግን አልተነሳም። በልብ ፋንታ ደሙን ከሰውነቱ አውጥቶ ኦክስጅን እየሞላ የሚመልሰው ትልቁ ማሽን እኛ ዘንድ የለም፤ በቅርብም የለም። ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች።

«የማደርገው አልቀረኝም» አለችና የቀረውን ለዶክተሩ ትታ ወጣች።

ልጁ ዓይኑን የገለጠው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ እኔን። እጁን አንስቶ ዘነዘናውን ሊገፋው ሞከረ። ሲስተር እጁን ያዘችው፤ ዞሮ አያት፣ አወቃት። ዶክተሩ ልቡ ተነስቶ እንደሆነ ብሎ ማሽኑን ለአፍታ አቆመው። ዓይኑ ተከደነ፣ እጁ ወደቀ። አልትራሳውንዱ ላይ ልቡ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝታለች። ማሽኑ ሲነሳ ዓይኑም አብሮ ተነሳ።

«ሁለተኛ እንዳታደርገው» አለችው ሲስተር ዶክተሩን፣ ሳትጮህ።

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁና ጭምብሉን ትንሽ ገለጥ አደረግኩት። ብረቱ በወረደ ቁጥር ከደረቱ አየር ይወጣል፤ ቃሉም በዚያው ልክ ተቆራርጦ ወጣ።

«እ... ማ» አለ። «እማ... የት...»

ክፍሉ ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም።

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጠረገ፣ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። ሲጨንቀው እንዲህ ነው፤ የዚያን ቀን መስታወቱን ሊጨርሰው ነበር። ሲስተርን ወደ ጥግ ሳባት። ጥጉ ደግሞ እኔ ካለሁበት ሁለት ክንድ አይርቅም።

«እናትሽ ውጭ ናቸው» አላት። «ይግቡ ካልሽ ይግቡ። ያዩታል፣ ያያቸዋል። ግን ከዚያ በኋላ ማጥፋቴ አይቀርም። አይ ካልሽ አስተኝቼው፣ ምንም ሳያውቅ ነው የማቆመው። የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ።»

«አይቻት ልምጣ» አለች።

ዶክተሩ ጭምብሉን ተቀበለኝና «አብረሃት ሂድ» ብሎ አንሾካሾከ። ራሷን ትስታለች ብሎ ነው። አያውቃትም ማለት ነው።

እናትየው ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ምርኩዝ ይይዛሉ፤ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል። የልጃቸውን ጫማ ጭናቸው ላይ አድርገው የእንጨት ብናኙን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ሲያዩን መጥረጋቸውን አላቆሙም።

«ይሄ ድብ ድብ የሚለው ምንድን ነው?» አሉ። በሩ ቢዘጋም ይሰማል።

«ማሽን ነው እማዬ። ልቡን ያግዘዋል።»

«ያግዘው እንጂ! እስኪበቃው ያግዘው። ምን አስቸኮለን? እኔ እንደሆንኩ አድራለሁ፣ ካስፈለገም እከርማለሁ። ብቻ እሱ እንዳይቆም።»

«እማዬ፣ ስሚኝ...»

«እንዳታስቆሚያቸው ነው የምልሽ። ማሙሽ ጠንካራ ልጅ ነው። አንቺ እዚያ ካለሽለት እኔ ምን አሳሰበኝ?»

ሲስተር የዋጠችው ነገር ገባኝ። እኚህ ሴትዮ ገብተው የልጃቸውን ዓይን ካዩ ዘነዘናውን አቅፈው ነው የሚቀሩት። አዝራሩ ሲጠፋ ልጃቸው በዓይናቸው እያዩት ይጠፋል፤ እስከ ዕድሜ ልካቸው ያጠፋችባቸውም ይቺው ሌላዋ ልጃቸው ትሆናለች። ካልገቡ ደግሞ እሱ «እማ» እንዳለ ይሄዳል። በየትኛውም በኩል ብትዞር ገደል ነው። እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ደስ ያለኝ እኔ አለመሆኔ ብቻ ነው።

«ልግባ እንዴ?» አሉ እናትየው።

«ገና ነው እማዬ» አለች ሲስተር። «እዚሁ ሁኚ።»

ስንመለስ የልጁ ዓይን በሩ ላይ ነበር። ከኋላችን ማን እንዳለ ለማየት አንገቱን ሊያቀና ሞከረ። ሲስተር ጆሮው ድረስ ጎንበስ አለችለት።

«እየመጣች ነው» አለችው። «ደረጃው ላይ ናት። ጉልበቷን ታውቀው የለ? ቀስ እያለች ነው።»

ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም። ከዚያ ፊቱ ፈገግ እንደማለት አለ፤ ወይም ዘነዘናው ነው ያንቀሳቀሰው፤ እኔ መለየት አልቻልኩም።

«እትዬ... በአሳንሰር... ነይ... በያት» አለ።

«እሺ። እነግራታለሁ።»

በአገጯ ለዶክተሩ ምልክት ሰጠችው። ማስተኛው መድኃኒት በክንዱ ገባ። እጁን እንደያዘች ጠበቀች። ጣቶቹ ሲላሉ «አሁን» አለች። ዶክተሩ እጁን ወደ አዝራሩ ሲሰድ ግን ቀደመችው፤ ራሷ አጠፋችው።

ክፍሉ ጭር አለ። ጆሮዬ ውስጥ ግን ድብ ድብ ማለቱን አልተወም። ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ። ያሰብኩት ግን ምሳ አለመብላቴን ነው፤ ምሳዬንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ እንደተውኩት። ሲስተር ዘነዘናውን ፈታች፣ ጎማው ደረቱ ላይ የተወውን ቀይ ክብ በአንሶላ ሸፈነች፣ ከፀጉሩ ላይ ፍቅፋቂውን ለቀመች፣ ጓንቷን ጣለች። እጇን ለረጅም ጊዜ ታጠበች። ውሃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እናትየው ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው ጠበቁን።

«ቆመ እኮ!» አሉ። ፊታቸው በርቷል፤ ያንን ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። «ልቡ ራሱን ቻለ?»

«አልቻለም እማዬ» አለች ሲስተር። «ሞተ።»

አልጮኹም። ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ምርኩዙ ከእጃቸው አመለጠ። አንስቼ ያዝኩላቸው። ሲስተር አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁለቱም ጫማውን ያያሉ።

«ነፍሱን ያውቅ ነበር?» አሉ እናትየው።

«አያውቅም። ከመጣ ጀምሮ ዓይኑን አልገለጠም።»

እናትየው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «አንተስ ልጄ፣ ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ እማማ። አልነቃም።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ።

«ተመስገን። እንኳን አልነቃ» አሉ። «ቢነቃ እኮ የሚጠራው እኔን ነበር። እዚህ በሩ ላይ ተቀምጬ እየጠራኝ ሳልሰማው ብቀር ኖሮ፣ እኔ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ሲስተር የእናቷን እጅ ከጫማው ላይ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቢጠራሽማ እነግርሽ ነበር» አለቻቸው።