ገጽ የሚገለጥበት ቦታ

ሥራዬ ኖታ ለኅትመት ማሰናዳት ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «እህ፣ ዘፈን ትጽፊያለሽ?» ይለኛል። አልጽፍም! ሌላው የጻፈውን፣ የተሰረዘ የተደለዘውን ወረቀት ተቀብዬ ማንም ፒያኖ ላይ አስቀምጦ እንዲጫወተው አድርጌ አሰናዳለሁ። ሥራዬ ሲያምር ማንም ልብ አይለውም። ልብ ካሉትማ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ደንቡ ብዙ ነው። ኖታው ከመሃለኛው መስመር በታች ከሆነ ጭራው በቀኝ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከመሃለኛው በላይ ከሆነ ደግሞ በግራ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። መሃለኛው መስመር ላይ የተቀመጠውስ? ቢወጣም ቢወርድም ያስኬደው ነበር፤ ግን ይውረድ ተባለ፣ ማን እንዳለው እንጃ። ረዥም ኖታ ከአጭሩ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጠዋል፣ እጥፍ ግን አይሰጠውም። ለምን አትበሉኝ። እጥፍ ስትሰጡት ያስጠላል፣ በቃ።

የእኔ ኩራት ግን ገጽ መግለጫው ላይ ነው። የቀኙ ገጽ ማለቅ ያለበት ከተጫዋቹ እጆች አንዱ እረፍት ላይ ሲሆን ነው። በዚያች ቅጽበት ባዶ እጁን ሰደድ አድርጎ ገጹን ይገልጣል፣ ሙዚቃው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በዚህ ነገር ጆሮዬን ቢቆርጡኝ አልደራደርም።

ያሳደገችኝ አክስቴ የፒያኖ መምህር ናት። ዘንድሮ ጡረታ ስትወጣ ትምህርት ቤቱ የመሰናበቻ ኮንሰርት አዘጋጀላት። እሷም ከሠርጓ ጀምሮ ስትጨምርበትና ስትቀንስበት የኖረችውን የራሷን ድርሰት ልትጫወት ወሰነች። ድርሰቱ የተጻፈው በእርሳስ፣ ጠርዙ ባለቀ ወረቀት ላይ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብዬ ከእጇ ነጠቅኳት።

ባሏን ጋሼ እለዋለሁ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ኖታ ለእሱ ጉንዳን የሄደበት ወረቀት ነው። ቢሆንም አክስቴ ሰው ፊት በተጫወተች ቁጥር አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ገጽ የሚገልጥላት እሱ ነው። አገጯን ዝቅ ታደርጋለች። «ወራጅ አለ ማለቷ ነው» ይላል ጋሼ። ከዚያ ይነሳል፣ አውራ ጣቱን በምላሱ ያርሳል፣ ይገልጣል፣ ይቀመጣል። ለዚህች ሥራ ሱፉን ያስተኩሳል፣ ፂሙን ይላጫል፣ ከጠዋት ጀምሮ ጨዋታው ሌላ ነው።

አዲሱን ኖታ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እንዴት እንዳማረ! መግለጫው ሁለት ቦታ ብቻ፣ ሁለቱም እረፍት ላይ። አክስቴ ፒያኖው ላይ አስቀምጣ ጀመረች። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ ጋሼ ብድግ አለ፤ የአክስቴ ባዶ እጅ ግን ቀደመው። ጋሼ ጣቱን እንዳራሰ ቆሞ ቀረ። ሁለተኛው መግለጫ ላይም እንዲሁ ሆነ። ወንበሩን አንስቶ ወደ ምግብ ጠረጴዛው መለሰና «ጎበዝ ነሽ ልጄ! ሰው የማያስቸግር ሥራ ነው የሠራሽው» አለኝ። እኔ ሞኟ ምስጋና መስሎኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ብዙም ሳይቆይ አክስቴ ወደ ሥራ ክፍሌ መጣች። ክፍሌ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ናት፤ የስፌት መኪናው ሲሮጥ ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል። አክስቴ በደረጃው ቁና ቁና እየተነፈሰች ገብታ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «አበላሺልኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ኖታውን። መግለጫዎቹን ሁለት እጄ የተያዘበት ቦታ ላይ አድርጊልኝ።»

«እትዬ፣ ደህና ነሽ? እሱ እኮ ስህተት ነው!»

«ጋሼሽ ኮንሰርቱ ላይ አልመጣም አለ። ቤት እጠብቃለሁ ይላል። ምኑን ነው የሚጠብቀው? ማን ሊሰርቀን?» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ሱፉን መልሶ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለው።»

እኔ ግን ግትር ነኝ። «ታዲያ አንቺ አትግለጪዋ! እጅሽን ሰብስቢና እሱ ይግለጥ።»

«ሞከርኩ እኮ! ዕድሜ ልኬን የተማሪ ገጽ ስገልጥ ኖሬ፣ እጄ ባዶ ከሆነ አይሰማኝም፣ ይሄዳል። ይሁን፣ ያዝኩት እንበል። ባዶ እጄን ጭኔ ላይ ጥዬ ና ግለጥልኝ ስለው፣ አዝኜለት እንደሆነ አይገባውም? ሹፌር ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። አፈር ስሆን አበላሺልኝ!»

«ሥራዬን ልታዋርጂው ነው!»

«ሥራ ሌላ ትሠሪያለሽ። እኔ ሌላ ባል ከየት አመጣለሁ?»

ስቄም ተናድጄም ሸኘኋት።

ማሳመር ለምጄ ማበላሸት ከበደኝ። መስመሮቹን ጠጋ ጠጋ አድርጌ፣ አንዱን መስመር ወደ ሌላው ገጽ እየገፋሁ፣ የገጹን መጨረሻ ሁለቱ እጆች እየተሯሯጡ ዝንብ እሽ ለማለት እንኳ ፋታ በሌለበት ቦታ ላይ ጣልኩት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። እጄ እንቢ እያለኝ በግድ አዘዝኩት። ብቻዬን ስነጫነጭ ልብስ ሰፊው ከታች «ከማን ጋር ነው ጠቡ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ከራሴ ጋር!» አልኩት።

የተበላሸውን ይዤ ሄድኩ። አክስቴ ተጫውታ ተጫውታ መግለጫው ላይ ስትደርስ ድንገት አቆመችና ጋሼ ወዳለበት ማዕድ ቤት ድምጿን ሰደደችው። «ኧረ ይቺን ልጅ ምን ነካት? ይሄ እንዴት አድርጎ ይገለጣል? ስንት እጅ አለኝ ብላ ነው?» እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ስድቤን ተቀበልኩ። ሆድ ይፍጀው!

ጋሼ እጁን በፎጣ እያደረቀ መጣ። ወረቀቱን እንደገባው ሰው ረጅም ጊዜ አየው። «ጎበዝ ናት ያልኩት ቸኩዬ ነው» አለና ወንበሩን ሊያመጣ ሄደ። አክስቴ ጥርሷን ላለማሳየት ከንፈሯን ነከሰች።

የኮንሰርቱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሼ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሏል። አክስቴ ጀመረች። የመጀመሪያው መግለጫ ሲደርስ አገጯን ዝቅ አደረገች፣ ጋሼ ብድግ አለ፣ ጣቱን አራሰ፣ ገለጠ። ሁለት ቅጠል! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አዲስ የተቆረጠው ወረቀት ጓደኛውን ይዞት ሄደ። መካከሉ ተዘልሎ የመጨረሻው ገጽ ፊቷ ላይ ተዘረጋ።

ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አክስቴ ግን ንቅንቅ አላለችም። ፊቷ ያለው ወረቀት ሌላ፣ የምትጫወተው ሌላ! ያኔ ነው የበራልኝ። የራሷ ድርሰት እኮ ነው፣ እንዴት በቃሏ አታውቀው! ወረቀቱን ጭራሽ አላየችውም። የምታየው ጋሼን ነው።

ሁለተኛው መግለጫ ደረሰ። የሚገለጥ ነገር የለም፣ ወረቀቱ አልቋል። አክስቴ ግን አገጯን ዝቅ አደረገች። ጋሼም ተነሳ። ጣቱን አራሰ፣ የመጨረሻውን ገጽ ጠርዝ ያዝ አደረገ፣ ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አድርጎ አስተካከለው፣ ትልቅ ሥራ እንደፈጸመ ሰው ኮቱን ሰብስቦ ተቀመጠ። የአክስቴ ፊት በሳቅ ፈካ። እጆቿ እንዲያ ሲሮጡ ተወልጄ አላየሁም።

ጭብጨባው ሲበርድ ጋሼን ከመድረኩ ጀርባ ያዝኩት።

«ሁለት ቅጠል እኮ ነው የገለጥከው!»

«አውቄያለሁ። ወፈረብኝ።»

«በቃሏ እንደምትጫወተውስ?»

«ድሮ ነው የማውቀው! ከሠርጋችን ጀምሮ ስትጫወተው ወረቀቱን አይታው አታውቅም።»

«ታዲያ የምን መነሳት ነው?»

«ሁለት እጇ ተይዞ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ስትጠራኝ፣ አልነሳ?» አለኝ፤ ጥያቄዬ ገርሞት።

ወይ ነዶ! አንዱ ኖታ አያነብ፣ አንዷ ኖታ አታይ። እኔ ለማን ነው የተንጨረጨርኩት? አቅፌው እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ከኮንሰርቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ ድርሰቱ ለተማሪዎች ይታተም አለ። አታሚው ደወለልኝ። ብዙ ዘመን አብረን ሠርተናል፣ ኖታም ያውቃል።

«ምነው፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» አለኝ። «መግለጫዎቹ ሁለቱም የወደቁት ሁለት እጅ በተያዘበት ነው። አስተካክለሽ ላኪልኝ።»

«እንዲሁ አትመው።»

«ከሥሩ እኮ ስምሽ አለበት!»

«እንግዲያው ስሜን ተለቅ አድርገው» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ።